ፀሐይ በሻይ ብርጭቆ ልክ

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ብከፍተው ዓለም ሁሉ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ተነስቶ፣ የተተፋው ነገር ምድር ደርሶ፣ በወትሮው ዋልታ አካባቢ ብቻ የሚታየው የሰማይ ብርሃን ወደ ሞቃት አገሮች ጠጋ ብሏል አሉ። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ፎቶ አንስቷል። የፎቶውን ግማሽ ስልኩ ራሱ አስውቦታል፤ ዓይን ያላየውን ካሜራ ማየት ከጀመረ ቆይቷል። መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ጫማ የምትሸጠው የእህቴ ልጅ ሳምራዊት ደውላ እኛ ጋ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። እንደማይደርስ ነገርኳት። እኛ የምንኖረው ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ነው፤ ያ ብርሃን የዳር አገር ሰዎች ሲሳይ ነው፤ ፀሐይ ስትቆጣ ለእኛ የሚደርሰን የሬዲዮ መንሿሿትና የስልክ ካርታ መሳት ነው። «ጥሩ ነገር እኛ ጋ ሲደርስ ሁሌ አልቋል» ብላ ዘጋችው። ይህች ልጅ እኔን ትመስላለች፤ እናቷ በዚህ ታዝናለች።

ሰው ሲደሰት ማየት ብዙም አይመቸኝም። በጋዜጣና በመጽሔት ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ቢጨመቅ «አይደለም» የሚል አንድ ቃል ነው የሚወጣው። ያን ቀን ግን ስለ ፀሐይ ሲወራ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተኝ። ከአልጋዬ ሥር ካርቶን ጎትቼ አወጣሁና ግማሽ የወታደር መነጽር፣ ማለትም ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱ የቀረ፣ መስኮቱ ላይ አስሬ የፀሐይዋን ምስል ግድግዳ ላይ ጣልኩት። የሚታየው እንዲህ ነው፤ ዓይኑን ወደ ቱቦው ያስጠጋ ሰው ዓይኑን ያጣል። ግድግዳው ላይ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል ነጭ ክብ ወጣች፤ ከታች በኩል በብዕር ጫፍ የተነካካ የሚመስል ብዙ ጠቃጠቆ ነበረባት። ከድሮዋ ጋር ላስተያያት ብዬ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን የፀሐይ ጠቃጠቆ ደብተር አነሳሁ። ደብተሩን ያመጣልኝ የድሮ ደንበኛዬ የጋሼ ዘበርጋ ትንሹ ልጅ ነው፤ አባቱን በቀበርን በአርባ ቀኑ፣ በፌስታል አድርጎ፣ «አባባ ለእሱ ስጡልኝ ብሎ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ብዙ ዓመት ሆነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች አልፌ አላውቅም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ስል ኖሬያለሁ። ስከፍተው የኑግ ሽታ ወጣ።

የኑግ ሽታ ማለት ለእኔ ያኔ የነበረው ጎጃም በረንዳ ነው። ዛሬ መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች በተሰለፉበት ቦታ ጣሪያቸው የጎበጠ መጋዘኖች ነበሩ፤ በራቸው ላይ ጆንያ ተደግፎ፣ ጆንያው ላይ ሰው ተደግፎ፣ ሰውዬው ላይ ዝንብ ተደግፎ ይውላል። ሻይ ሠላሳ ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲ የሚበላ ሰው ሃያ አምስት ይጨምራል። የጋሪ ገፊዎች ጨርቅ በትከሻቸው ጣል አድርገው «ዞር በሉ» እያሉ ያልፋሉ፤ ዞር ያላለ በጋሪው ብረት ቁርጭምጭሚቱን ይመታል። ጎረምሳው ሁሉ ከዱባይ ተራ የገዛውን ጥቁር የቆዳ ጃኬት በጠራራ ፀሐይ ይለብስ ነበር፤ ቆዳ እንዳልነበር ያወቅነው ትከሻው ላይ መላላጥ ሲጀምር ነው። እኔ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ ስፋቷ እጅ ዘርግቶ የማያስቆም ሱቅ ነበረችኝ፤ አሮጌ መጽሐፍ እሸጣለሁ፣ አከራያለሁ፣ በአብዛኛው ግን አነባለሁ። ከግራና ከቀኝ ካሴት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው ትታኝ ሄደች ሲል ሌላኛው ትመጣለች ይላል፤ እኔ መሃል ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አላምንም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያነበብኩት ከኖርኩት ይበልጥ ነበር፤ ይህንንም እንደ ሀብት እቆጥረው ነበር።

ጋሼ ዘበርጋ የኑግና የሰሊጥ መጋዘን ነበራቸው። ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው ጆንያ በመሸከም የጀመሩ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠረ፣ ኮታቸውን ቆልፈው የሚውሉ ሰው ነበሩ። የመጋዘናቸው ጣሪያ የተሠራው ከሌላ ቤት በተነቀለ ቆርቆሮ ነው፤ ስለዚህ የድሮው ሚስማር ቀዳዳ በየቦታው ነበረበት። በጨለማው መጋዘን ውስጥ ብርሃን በየቀዳዳው ገብቶ ወለሉ ላይ እንደ ክብ ሳንቲም ያርፋል፤ ሳንቲሞቹ ቀኑን ሙሉ ከጆንያ ጆንያ ሲሄዱ ይውላሉ። አንድ ቀን ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ሆነና ሳንቲሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተገመጠ ቂጣ መሰሉ። ሌላው ነጋዴ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሲሮጥ ጋሼ ዘበርጋ ተንበርክከው ወለሉን ያዩ ነበር። ያ ብርሃን የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይዋ ፊት መሆኑ የገባቸው ያን ቀን ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያው ከምናለሽ ተራ ግማሽ መነጽር ገዝተው አንዱ ቀዳዳ ላይ በጨርቅ ወተፉት፤ መጀመሪያ ቀን አንድ ጆንያ አቃጠሉ፤ ሁለተኛው ቀን ነጭ ወረቀት ላይ የፀሐይዋን ክብ ከአንዲት ጠቃጠቆ ጋር አገኙ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ የሻይ ብርጭቆ ደብተር ላይ ደፍተው ክቡን ያስምሩና ያዩትን ነጥብ በእርሳስ ያስገቡበታል። ደመና ከሆነ «ደመና» ብለው ይጽፋሉ። ክረምቱን ሙሉ ደመና፣ ደመና፣ ደመና። ወረቀትና እርሳስ የሚገዙት ከእኔ ስለነበር፣ የሚያዩት ነገር በየአሥራ አንድ ዓመቱ ግድም የሚበዛና የሚያንስ መሆኑን ከአንድ አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት አንብቤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ሲጀምሩ ፀሐይዋ ንጹሕ ነበረች ማለት ይቻላል። ከዓመት ዓመት ነጥቧ እየበዛ ሄደ።

ሌላም መዝገብ ነበራቸው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ የጋራ፣ ጸሎቱ የየራሱ የሆነ እድር ነው። የሞተውን ሰው ስም፣ ቀኑንና፣ ራሳቸው በጨመሩት ዓምድ፣ ምክንያቱን ይጽፋሉ። መርዶ የሚያስነግሩትም እሳቸው ነበሩ። በእኛ ሰፈር መርዶ ከቤተሰብ አፍ አይወጣም፤ ባዳ ነው የሚናገረው። ጎህ ሲቀድ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው በር ያንኳኳሉ፤ ሴቶች የጋሼ ዘበርጋን ጋቢ በዚያ ሰዓት ካዩ ሳይነገራቸው ይጮኹ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ጋቢው አላረፈም። ወጣቶች ነበሩ የሚሞቱት። የቆዳ ጃኬት ለባሾቹ፣ ካሴት ሻጮቹ፣ ሹፌሮቹ፣ ቀጥሎ ሚስቶቻቸው። የሁሉም ሰው አፍ የሚያውቀውን ስም ማንም አይጠራውም ነበር። በምክንያት ዓምዱ ላይ «በሳንባ» ይባላል፤ «በወባ» ይባላል፤ «ምች» ይባላል፤ «አልማዝ ባለጭራ» ይባላል፤ አንዳንዴ «በአጭር ሕመም»፣ ዓመት ሙሉ ለተኛ ሰው። ድንኳን ውስጥ ሰው ካርታውን እየበወዘ ሬሳው በምን እንደሄደ በዓይኑ ይጠያየቃል። ሟቹ አንዴ ይሞታል፤ ቤተሰቡ ግን ማን ወጥ እንደማይበላላቸው፣ ማን ልጃቸውን እንደማያገባ በየቀኑ ያያል።

እኔ ይህን ሹክሹክታ እጠላው ነበር፤ ጥላቻዬ ግን የጀግና አልነበረም፣ የብልጣብልጥ ነበር። ሰው የሚሸሽገውን በግልጽ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ሌላ የማይረባ ነገር ተናግሮ ሰውን ማደናገር ሌላ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። አንድ ቀን ከቀብር ተመልሰን ጎጃም በረንዳ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንዱ «በሳንባ ነው አሉ» ሲል፣ ሌላው «አይ፣ በጉበት ነው» ሲል፣ ሰለቸኝና ጮክ ብዬ «ጋሼ ዘበርጋ፣ የፀሐይዋን ደብተርና የእድሩን መዝገብ እስቲ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። እኔ የምጠረጥረው ፀሐይዋን ነው» አልኩ። ድሮ ድሮ የስንዴ ዋጋን በፀሐይ ጠቃጠቆ ያሳበቡ ምሁራን እንደነበሩም ጨመርኩበት። ሰዎቹ ሳቁ። ጋሼ ዘበርጋ አልሳቁም። በማግስቱ ሁለቱን ደብተር ይዘው ሱቄ መጡና ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። ፀሐይዋ ንጹሕ በነበረችበት ዓመት የእድሩ ሟች ጥቂት ሽማግሌ ነበር። ነጥቡ ሲበዛ ስሙም በዝቷል። ወደ ላይ ሲወጡ ሁለቱ እጅ ለእጅ የተያያዙ ይመስሉ ነበር። በአጋጣሚ አብረው የሚወጡ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ይህን አውቅ ነበር፤ በዚያን ዓመት የፎቅ ቁጥርም፣ የሚኒባስ ቁጥርም ወጥቷል። ግን ቀልዴ እንዲህ አምሮ ሲወጣ ማፍረሱ ቀፈፈኝ። «አላልኩዎትም?» አልኳቸው። ደብተሮቻቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በወሩ መርካቶ ሁሉ ያወራው ነበር። ጋሼ ዘበርጋ በየድንኳኑ፣ የሟች እናት አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዘንድሮ ፀሐይዋ ታማለች፣ ደም የከዳው ሰው አይችላትም ይላሉ። እናትየዋ ቀና ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇ ሞት ነውር የሌለበት ምክንያት አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የዱባይ ተራ ነጋዴ ጠዋት የዶላር ዋጋ ከጠየቀ በኋላ «ፀሐይዋስ ዛሬ ስንት ናት?» ይል ጀመር። ጋሪ ገፊዎች ጃንጥላ ይዘው የሚሄዱ ደንበኞቻቸውን ይተርቡ ነበር። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ በሳቅ እፈነዳለሁ። አንድ ሙሉ ገበያ በአንድ ቀልድ እየነዳሁ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ግን አልተሞኙም፤ ተጠለሉበት እንጂ። ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀብኝ።

መሠረት የጋሼ ዘበርጋ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። ዱባይ ተራ የልጆች ልብስ ትሸጥ ነበር፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ደንበኛ ሲከራከራት እየሳቀች አንድም ሳንቲም የማትቀንስ። ባሏ ሲሞት መዝገቡ «በሳንባ» ይላል፤ የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከዓመት በኋላ እሷም ከሳች። ሻሿ እየሰፋ ሄደ፣ ፊቷ ውስጥ ዓይኗ ብቻ ቀረ፤ ማታ ማታ ታልባለች፣ ቀን ትስላለች። በዚያን ጊዜ ለበሽታው ራሱ ፈውስ አልነበረም፤ ለሳሉ ግን መድኃኒት ነበር፤ ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጥ ነበር። ቀድሞ ተመርምሮ እሱን የዋጠ ሰው፣ ራሱን የጠበቀ ሰው፣ ዓመት ሁለት ዓመት ይገፋ ነበር። የሚመረመር ግን አልነበረም፤ ምርመራ ቤት ደጃፍ መታየት በራሱ ቀብር ነበር። ከሱቄ ትይዩ ባለ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ነበር፤ ሰዎች ደረጃውን የሚወጡት አንገታቸውን ቀብረው ነው። መሠረት አልወጣችውም። ፀሐይዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ትጠራለች፣ ያኔ ይሻልሻል የሚሏት ጎረቤቶች ነበሯት።

በግንቦት አንድ ረፋድ ሱቄ መጣች። የማነበውን አስቀመጥኩ። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ትንሽ ቆየች።

«አባባ ‹ከመጽሐፉ ሰውዬ ጋ ሂጂ፣ የሚልሽን ስሚው› አለኝ» አለች።

ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ስለ ፀሐይዋ ነዋ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ። «እውነት ትጠራለች?»

«ትጠራለች» አልኳት። ስለ ፀሐይዋ ከሆነ እውነቴን ነው።

«እኔስ?»

ጥያቄው ይሄ ነበር። ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ መሃል ተቀምጬ መልሱን አውቀው ነበር። ጣቴን ዘርግቼ ትይዩ ያለውን ደረጃ ማሳየት ብቻ ይበቃ ነበር። አብሬሽ ልውጣ ማለትም ይቻል ነበር። ግን እውነት ስናገር ሰው ያለቅስብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ቀልድ ሲሆን ግን ሰው አያለቅስም። «አንቺን ፀሐይ ምን ታደርግሻለች፤ ከወዲሁ ጠይም ነሽ፣ ከዚህ በላይ አታጠቁርሽም» አልኳት። ከልቧ ሳቀች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረችና «ሌላ የምትለኝ የለም?» አለች። «ሌላ ምን አለ?» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጋሪዎቹን እየሸሸች፣ በደረጃው ሥር አልፋ ሄደች። አባቷ ወደ እኔ የላኳት ከሁሉ በላይ ስለሚያከብሩኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በኅዳር ሞተች። ያ አሮጌ የእድር ድንኳን ሸራው ተበሳስቶ ነበር፤ በየቀዳዳው የገባችው ፀሐይ በለቀስተኛው ትከሻና ጉልበት ላይ ሳንቲም ሳንቲም ብላ አርፋ ነበር። ጋሼ ዘበርጋ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ያረፈችውን አንዷን ክብ ያዩ ነበር። ሲንቀሳቀሱ እጃቸው ላይ ወጣች፤ እጃቸውን ዘግተው ያዟት፤ ከጭብጣቸው ላይ ተመልሳ ወጣች። አንድ ጎረቤት ሊያጽናናቸው «ምን ይደረግ ጋሼ፣ ፀሐይዋ ናት» አላቸው። «አዎ» አሉ። በዓመቱ ገደማ መድኃኒቱ መጣ፤ መጀመሪያ ገንዘብ ላለው፣ ቀጥሎ ለሁሉም በነጻ። ከመሠረት ጋር በአንድ ወቅት የታመሙ፣ ሳላቸውን ቀድመው ያሳከሙ ሁለት የዱባይ ተራ ሴቶች እስከ ዛሬ ሱቃቸው ውስጥ አሉ፤ አንደኛዋ አያት ሆናለች። የእድሩ መዝገብ ቀለለ። የሚገርመው ፀሐይዋም በዚያው ሰሞን ጠራች፤ ሁለቱ መስመሮች ሲወርዱም አብረው ወረዱ። ሰፈሩ ጋሼ ዘበርጋ እውነታቸውን ነበር አለ። እሳቸው እኔን ሲያገኙኝ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፣ እርሳስ ይገዙኛል፣ እስኪሞቱ ድረስ ስለ መሠረት አንድም ቃል አልወጣቸውም። በአጉል እምነታቸው የተጸጸቱ መስሎኝ አዝንላቸው ነበር።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ደብተሩን ያገላበጥኩት የነጥቡን ብዛት ከዛሬው ጋር ላስተያይ ብዬ ነው። መሠረት በሞተችበት ዓመት የነበረችው ፀሐይ ከአሁኗ የባሰች ነበረች፤ ይህን አረጋግጬ ለሳምራዊት ልነግራት አሰብኩ። ከክቦቹ ሥር ግን አልፎ አልፎ በደቃቅ እርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ሻይ ቤት በቀለድኩበት ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ካለባት ፀሐይ ሥር፣ «ልጁ ቀለደ። ለድንኳን ግን ይጠቅማል፤ እናቶች ቀና ይላሉ» ይላል። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቀን እንኳ አላመኑበትም ነበር። እያንዳንዱን ስም በእጃቸው የጻፉ ሰው ሌላው ቢቀር እውነተኛውን ምክንያት ያውቃሉ። ወደ ግንቦት ገልጬ ሄድኩ። ሻይ ብርጭቋቸው ጠርዟ ላይ የተሸረፈች ነበረች መሰለኝ፤ ክቦቹ ሁሉ በአንድ በኩል ትንሽ ይቆረጣሉ። ቀኑን አገኘሁት። ለሰው ሁሉ መርዶ ያስነገሩ ሰው ለልጃቸው መናገር የማይችሉ አባት ነበሩ፤ ባዳ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ከመርካቶ ሁሉ እኔን መረጡ። «መሠረትን ወደ ልጁ ላክኋት። ያነበበ ነው፤ አይፈራም። እሱ ይንገራት፣ ይዟት ደረጃውን ይውጣ» ይላል።

በማግስቱ ያለው ገጽ ላይ ክብ አለ፤ ነጥብ አልገባበትም። ከሥሩ፣

«ስቃ ተመለሰች። አልነገራትም።»